ባሌ ያገሳው እንደ ሰው ነበር

ለክቡር የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጤናዎ ይብዛ፤ በተለይ ጥርስዎንና መንጋጋዎን እንደተገጠሙ ለሽምግልና ያብቃልኝ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጥበቃዎችዎ በብረት ቧንቧ የቀጠቀጡት የብየዳ ሠራተኛ ሚስት ነኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ዳሩ ግን የባሌ ሆድ ትንሽ አየር ቢያወጣ የደረሰበትን ሳይ፣ የእኔው ሳይፈነዳ ልተንፍስ አልኩ።

፩. ከምሳ በኋላ በጠሩት ስብሰባ ላይ ባሌ ሳያስበው አገሳ፤ ሰው ነዋ! ከውጭ የመጡት መሐንዲስ ቅር ብሏቸው «በርፕ አደረገ» ሲሉ በእንግሊዝኛ ከሰሱት፣ አስተርጓሚዎ ደግሞ «አገሳብኝ» ብሎ አቀረበልዎ። መቼም በአማርኛችን ሰውም ጠግቦ ያገሳል፣ አንበሳም ተቆጥቶ ያገሳል። እርስዎ አንበሳውን መርጠው ጥበቃዎችዎ አደብ እንዲያስገዙት አዘዙ፤ ባሌን ከፍ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ሁለቱ እጁን ጠምዝዘው ሲይዙ ሦስተኛው መንጋጋውን በቧንቧ አደቀቀው። ምን አጠፋሁ ሊል አፉን ቢከፍት ደምና ጥርስ ሆነ የወጣው፤ በደም የታፈነ ጉርምርምታውንም «ይኸው ደግሞ አገሳ» ብለው የጎን አጥንቱን በጫማቸው ሰበሩት። ለትጋታቸው ሽልማት ይገባቸዋል።

፫. አስተማሪ የሆነችው የባሌ እህት «በርፕ» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት አውጥታ አስረዳችኝ። ከሆድ በአፍ የሚወጣ አየር ማለት ነው፤ ስሙም ከራሱ ከድምፁ የተቀዳ፣ በዕድሜ ገና ለጋ ቃል ነው አሉ። በኋላ ወታደሮች በድምፁ የተነሣ ለአንድ አውቶማቲክ ጠመንጃ ቅጽል ስም አድርገውታል። ይህችን ለጥበቃዎችዎ ያልነገርኳቸው በጥይት እንዳይጨርሱት ብዬ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። «አለቃ በማስፈራራት» የሚለው የስንብት ምክንያት ተሰርዞ ባሌ ወደ ሥራው ይመለስ፤ በዚያች ቃል የተነሣ የሚቀጥረው ጠፍቷል፣ ልጆቼም የወንበዴ ልጆች ተብለው እየተሰደቡ ነው። እምቢ ካሉ እኔም አገሳለሁ፤ የእኔው ግን የጥጋብ አይደለም።

ደጅ መጥናት ሰልችቷት ደጅ መስበር የሚያምራት፣
ትሑት አገልጋይዎ፣ የበያጁ ሚስት

ማስታወሻ፦ የመንጋጋውን ሽቦ ሐኪሙ ሰኞ ይፈታዋል። ባሌ መጀመሪያ የሚናገራትን ቃል ለክቡርነትዎ አስቀምጧታል፤ ጽፎ አሳይቶኛል። ጥርት ያለች አማርኛ ናት፣ አስተርጓሚ አይላኩ።