በገናን ክራር የሚያደርግ ስፒከር

ሰኞ፣ መስከረም 26፣ 2007 ዓ.ም.

አንዱ ብቻ መጣ። ስፒከር ጥንድ የሚባለው ሁለት ስለሆነ ነው። ይህን ለመማር እስከ ዴንቨር ጫፍ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ድረስ መንዳት አልነበረብኝም።

የድሮ ስፒከሮቼ የውስጥ ስፖንጃቸው ረግፎ አልቋል። ከዚህ በፊት ጠግኛቸዋለሁ፤ አሁን ግን የሚጠገን ነገር አልቀረም። ዴንቨር ካሉት ሱቆች አንዱ ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቼ እገዛለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ባለቤቴ ፀሐይ ሳታማክረኝ ሜልቦርን ላለው ልጃችን ለቢኒያም ነገረችው። ቢኒያም ስፒከር በእጅ የሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ነው የሚሠራው። እንጨቱ የሚቆረጠው እዚያ፣ ሽቦው የሚበየደው እዚያ፣ ሁሉም ነገር አውስትራሊያ። "እኔ እልክለታለሁ" አላት። ለእሷ ነው ያለው። እኔና እሱ በስልክ አንነጋገርም።

ታዲያ በፖስታ ይላካል? አይላክም። እንደ ወጋችን በመንገደኛ ተላከ። ዝናሽ የምትባል ሴት የእህቷን ልጅ ለመዳር ከሜልቦርን መጣች፤ አንዱን በእሷ ሻንጣ፣ ሌላውን ከወንድሟ ጓዝ ጋር። ወንድሟ ደግሞ ዘመድ ሊጠይቅ ዳላስ ወርዷል። ረቡዕ ይመጣል አሉ። ምናልባት ማለታቸው ነው።

የእህቷ ቤት በሰርገኛ ተሞልቷል። ሳይቀምሱ አይሄዱም ተባልኩ። የመጣሁት ለዕቃ ነው ብል ማን ይሰማኛል፤ በላሁ። ስፒከሩን በጋቢ ጠቅልላ አመጣችልኝ። የታሸገበት ፎም የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳት።

"ቦታ በላብኝ ጋሼ፣ ጣልኩት።"

በፎሙ ቦታ የሰርግ ጫማ፣ የሕፃናት ልብስ፣ ሽቶ ከታበት መጥታለች። ስፒከር ነው ወይስ አጋሰስ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ጠዋት በባትሪ እያበራሁ መረመርኩት። ትንሽ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። የእንጨቱ መጋጠሚያ ጥፍር አያስገባም። የአየር ቀዳዳው ከፊት ለፊት ነው። እንከን ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ይህም አናደደኝ።

ፀሐይ ዳንቴል አለበሰችው፤ ከላይም የፕላስቲክ አበባ። አነሳሁት። ልታጠብ ገብቼ ስወጣ ተመልሶ ለብሷል። ስፒከር ሙሽራ አይደለም አልኳት። አቧራ ይጠጣል አለችኝ።

ከሰዓት የመሰንቆ ሲዲ አደረግኩበት። የደጋኑ ጭራ በመሰንቆው ጭራ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ማሞገስ አልወድም፤ ጥሩ ነው ብዬ ልለፈው።

ስለ ልጁ እዚህ ልጻፈው፤ ለማንም አልናገረውም። ካርቱም ተወልዶ እዚሁ ኦሮራ አደገ። ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ገባ። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ከተበላሸ ሬዲዮ ተምሬ ነው እንጀራ የበላሁት፤ እሱ አስተማሪ ተቀምጦለት ሦስተኛ ዓመት ላይ ተወው። አንዲት ልጅ ተከትሎ ሜልቦርን ሄደ። የጀመርከውን አንድ ነገር እስክትጨርስ ድረስ በስልኬ እንዳትደውል አልኩት። እሺ አለ። አልደወለም። በእናቱ ስልክ ይደውላል፤ እኔ ሳሎን ሆኜ የእሷን መልስ እሰማለሁ። ሌላ ጊዜ የነገርኩትን ሰምቶ አያውቅም፤ ይህችን ግን ቃል በቃል ፈጸማት።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

እንደገና ሞንትቤሎ። የዝናሽ ወንድም መጣ። ስፒከሩን ሲያወርድልኝ መኪናው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ይኸኛው ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ወለል ላይ የሚቆም ነው። የአንድ ጫማ ግራ ከሌላ ጫማ ቀኝ ጋር ተላከልኝ ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ጮህኩ። ፀሐይ እስክጨርስ ጠበቀችና ያኔ ተናገረች። ለካ ሆን ተብሎ ነው። አባባ ሳይሰማ አይገዛም፤ ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ልላክለት፣ የመረጠውን ጥንዱን እልካለሁ፣ ያልመረጠውን ይመልሳል ብሏል ልጁ። ይህን ሁሉ እሷ ከጅምሩ ታውቃለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ገና ሳይመጣ አይሆንም ትል ነበር።"

እውነቷን ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። አንደኛውን የነደፈው የወርክሾፑ ባለቤት ነው፤ አንደኛውን ቢኒያም ራሱ ከባዶ ወረቀት ተነስቶ ነው የሠራው። የትኛው የማን እንደሆነ እንዳትነግረኝ አስምሏታል። በጆሮው ብቻ ይፍረድ ብሏል።

በጆሮዬ እፈርዳለሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ትንሹን ጠረጴዛ ላይ፣ ትልቁን አጠገቡ ወለል ላይ ግድግዳውን አስጠግቼ አቆምኩ። የድምፅ ማጉያው አምፕ አንድ፣ ሽቦው አንድ፣ ሲዲው አንድ። ፀሐይን ከሳሎን አስወጣኋት፤ ፊቷን ማየት አልፈለግኩም።

መሰንቆ ላይ ትልቁ ትንሽ ይቧጥጣል። ይህ ይታለፋል። በገና ሳደርግበት ግን ጉድ አየሁ። ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ሳጥን፣ ወፍራሙ ድምፅ የለም። በገና ከሆድ ነው የሚያጉተመትመው፤ በዚህ ስፒከር ከጉሮሮ ወጣ። ክራር ሆነ። አምፑን ከፍ አደረግኩ፤ የባሰ ክራር ሆነ። ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው። ትንሹ እንኳ በዚያ አቅሙ የተሻለ በገና አሰማኝ።

ፀሐይን ጠርቼ ደውዪለት አልኳት። ስልኳን ሰጠችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፁን ሰማሁ፤ ወፍሯል።

"ትንሹ ጥሩ ነው። ትልቁ በገናን ክራር ያደርጋል። የሠራው ሰው ስፒከር መሥራት አያውቅም" አልኩ።

 "እሺ አባባ። ስለሰሙት አመሰግናለሁ" አለና ዘጋ።

ፀሐይን ቀና ብዬ አየኋት። መሐላዋን ጠብቃ አንድ ቃል አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም፤ ትልቁ የማን እንደሆነ ፊቷ ነገረኝ።

አርብ፣ መስከረም 30

ፀሐይ አታናግረኝም። የጾም ምሳዬን አስቀምጣልኝ መኝታ ቤት ገባች።

ግርማ መጣ። ዳውንታውን ፓርኪንግ አብረን የሠራን፣ ካፒቶል ሂል አንድ አፓርታማ ተጋርተን የኖርን ሰው ነው። ያለ ጥርጥር እሷ ናት የጠራችው። ሁለቱንም አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ግሩም ናቸው አለ። የትኛው ይበልጣል አልኩት። እያንዳንዱ የራሱ ውበት አለው አለ። ሽማግሌ ተልኮ የመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው።

"ውሸት ልንገረው?" አልኩት።

"አንተ እኮ ታዴ፣ ቄሱ ሲባርኩህም ስህተት ትፈልጋለህ። ልጁ አባት ፍለጋ ሣጥን ሠርቶ ላከ፤ አንተ ሣጥኑን መረመርክ።"

ይህን ብሎ ተነስቶ ሄደ። በር ላይ የነገውን ሰርግ አትቅር አለኝ።

ሣጥን ከተላከልኝ ሣጥኑን እመረምራለሁ። በጆሮው ይፍረድ ያለው ራሱ ነው። ደግ ነገር መስማት የፈለገ ሰው ግርማን ይጠይቅ። ይህን ስጽፍ ትክክል እንደሆንኩ አውቃለሁ። ሆኖም ምሳዬን አልጨረስኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ዝናሽ ደወለች። ሰርጉ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ድምፅዋ ላይ እንባ አለ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሚዜዎቹን ስቶኪንግ አላገኙትም?"

እኔ ከሚዜ ስቶኪንግ ጋር ምን አገናኘኝ አልኳት።

"ትልቁ ስፒከር ሆድ ውስጥ ነው የከተትኩት። ከኋላው ቀዳዳ አለው እኮ። ባዶውን ከሚሄድ ብዬ።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ስፒከሩን ከግድግዳው አዞርኩት። ወፍራሙ ድምፅ የሚወጣበት የአየር ቀዳዳ ከኋላ ነው፤ ግድግዳ አስጠግቼ ሳቆመው እኔው ነኝ የሸፈንኩት። ያን ሁሉ በባትሪ ስመረምር ትንሹን ነው የመረመርኩት። ትልቁን በንዴት ነው ያስገባሁት።

የልብስ መስቀያ ሽቦ አጥፌ ከተትኩ። ስቶኪንግ ወጣ። ሌላ ስቶኪንግ ወጣ። የሐር ሻሽ ወጣ። የሕፃን ካልሲ፣ ከዚያ እንደ ቋጠሮ የተጠቀለለ የውስጥ ልብስ፣ የማን እንደሆነ መጠየቅ አልፈልግም። ፀሐይ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አልሳቀችም። ዕቃውን በከረጢት ሰብስባ፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወደ ሰርጉ ሄደች። እኔ አልሄድኩም።

ቤቱ ጸጥ ሲል በገናውን አደረግኩ።

ወለሉ ጫማዬ ሥር ተነቃነቀ። ሌላ ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። በገና ሆነ። በገና ደርዳሪው ሽማግሌ ገና ሳይዘምር፣ ጅማቱን ብቻ ሲነካካ፣ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

ልደውል? ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እዚያ እሑድ ጠዋት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል አልኩ። ምክንያት ነው። የተናገርኩትን መልሼ ውጬ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚዋጥም አላውቅ።

ሌላ ችግር ደግሞ አለ፣ የባሰ። አሁን የማን እንደሆነ አውቄአለሁ። ጥሩ ነው ስል ጆሮዬ ነው የሚናገረው ወይስ ሌላ ነገር? ፍርዴን አበላሹብኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ከቅዳሴ መልስ ፀሐይን አንድ ነገር ለመንኳት። መለመኔን ስታይ ደነገጠች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ አንቺ ሽቦውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያቀያየርሽ ታጫውቺያለሽ፤ የትኛው እንደሆነ አትነግሪኝም፤ እኔ የሚሻለውን እናገራለሁ። እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ ቆምኩ። ትልቁ ሲሆን ትንፋሽሽን ትይዣለሽ ብዬ ተቆጣኋት። እሺ፣ እየተነፈስኩ አጫውታለሁ አለችኝ።

ለመሰንቆ የመረጥኩት ትንሹ ሆነ። ለበገና ትልቁ። ለአንድ ሰባኪ ንግግርም ትልቁ። ሁለተኛ ዙር አስደገምኳት፤ ያው ሆነ። እንግዲህ ይህ ከልቤ አይደለም፣ ከጆሮዬ ነው።

በራሴ ስልክ ደወልኩ። እዚያ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከኋላ የመጋዝ ጩኸት ይሰማል።

"አባባ? እማዬ ምን ሆነች?" አለ።

የእኔን ቁጥር ሲያይ የታሰበው መርዶ ነው።

"ደህና ናት። ስለ ስፒከሩ ነው።" የስቶኪንጉን ነገር ነገርኩት። ስልኩን ከአፉ አርቆ በእንግሊዝኛ ለሰዎቹ ተናገረ፤ መጋዙ ቆመ፤ ወርክሾፑ በሙሉ ሳቀ። ጠበቅኳቸው። ብዙ ሳቁ።

"የሐሙሱን ቃሌን አንስቻለሁ" አልኩ ሲጨርሱ።

"እሺ አባባ። ታዲያ የትኛውን መረጡ?"

"ትልቁን።"

"ስለ እኔ ብለው ነው?"

"ስለ በገናው ነው። መሰንቆ ላይ ግን ይቧጥጣል። ይህን አላነሳም።"

አውቃለሁ አለ። የወርክሾፑ ባለቤትም ይህንኑ ነግሮታል፣ ምክንያቱን ግን አላገኘውም። በትልቁ ውስጥ ወዳለችው የላይኛዋ ትንሽ ድምፅ ማውጫ የሚሄደው ኃይል በዝቷል፣ ኃይል የሚቀንስ ሬዚስተር ጨምርበት አልኩት። ጨምሬ ነበር፣ ድምፁ ሕይወት ያጣል አለኝ። እንግዲያው ቦታው ተሳስቷል አልኩት። አልተሳሳተም አለኝ። ከእኔ ጋር ይከራከራል። ፀሐይ የምናወራው ሳይገባት አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፈትቼ ውስጡን ሳላይ ምንም አልልህም አልኩት በመጨረሻ።

"አይፍቱት አባባ። ለገና ወርክሾፑ ይዘጋል። ሁለተኛውን በሰው አልልክም፣ እኔው ይዤ እመጣለሁ። አብረን እንፈታዋለን።" ቀጥሎም፣ "መምጣት እችላለሁ?" አለ።

ሆቴል ይመስል ይጠይቀኛል። ና አልኩት፤ ፎሙን ግን እንዳትጥል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ትንሹ ስፒከር በዝናሽ ይመለሳል። ሳስረክባት ቀዳዳውን በወፍራም ቴፕ አሸግኩት። ቅር ብሏታል። ይበላት።

ፀሐይ ከአሁኑ ስለ አልጋ ታወራለች። የእሱ መኝታ ቤት በሬዲዮዎቼ ተሞልቷል፤ የት ላድርጋቸው? የሚጠሩ ሰዎች ስም ትቆጥራለች። ልጅቷም ትመጣ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ አልነገረኝም። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ስንት ቀን ሳንጣላ እንደምንቆይ እግዜር ይወቅ። ግርማ ደውሎ ሳቀብኝ፤ ዘጋሁበት።

ከሰዓት መሰንቆ አደረግኩ። አሁንም ይቧጥጣል። ሬዚስተሩ ቦታው ተሳስቷል፤ እርግጠኛ ነኝ። ማለት ይቻላል። ከኋላው አራት ብሎን ብቻ ነው ያለው። ካቻቢቴ አምጥቼ አንዱ ብሎን ላይ ገጠምኩት። በቤቴ ውስጥ ሳልፈታው ያደረ ዕቃ የለም። ገና ሩቅ ነው፣ በረዶው እንኳ አልጀመረም።

አልፈታሁትም። ካቻቢቴውን ስፒከሩ ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐይ ሥሩ ዳንቴል አነጠፈችለት። ተውኳት።