ለእትዬ፣ ስለ አዲሱ መኪና ዘይት

እትዬ ጥሩወርቅ፣ እህቴ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እንደ ደብዳቤ ወግ «እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ነገር ግን አንቺ ባለሽበት ሕመም የለም፣ ድካም የለም እያሉ ካህናቱ በፍትሐትሽ ዕለት ደጋግመው ሲናገሩ ሰምቻለሁና ጥያቄውን ወደ ራሴ አዞርኩት። ጉልበቴን ያመኛል። ዓይኔ ከቅርብ ማንበብ እምቢ ብሎኛል። ምላሴ ግን እንዳለ ነው፤ ሰፈሩን ጠይቂ።

ቁስቋም ያለው ቤትሽ ደህና ነው። ልጅሽ ትርንጎ የሣር ክዳኑን አንስታ ቆርቆሮ አለበሰችው። ዝናብ ሲመታው የሚያሰማው ድምፅ አንቺ ከጫኞች ጋር ስትከራከሪ የነበረውን ይመስላል፤ እንቅልፍ ቢነሳኝም ደስ ይለኛል። አሮጌው መኪናሽ ተሸጠ። አትቆጪ፣ የገዛው የአዲ አርቃይ ነጋዴ ነው፣ ዛሬም ሊማሊሞን ይወጣል። በመንገድ ሲያልፈኝ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ነጂው ለእሱ ያነሳሁ ይመስለውና እጁን ያወዛውዝልኛል።

መኪናውም የጓሮሽ ባሕር ዛፍም ተሸጡና ትርንጎ አዲስ የጭነት መኪና ገዛች። ከቤቱ በቀር አንቺ የተውሽላት ሁሉ አሁን ጎማ ላይ ቆሟል። ሞተሩ ነክሶ ቢቆም የምትተካበት ሌላ ነገር የላትም። የምጽፍልሽም በዚሁ ነገር ነው። የዚህ መኪና ዘይት በየስንት ጊዜው ይቀየር በሚለው ቤታችን ሰንብቶ ተከራከረ፤ የደረስንበትንም ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ። አንቺ ያወጣሽው ሕግ ስለነበረ ነው።

ሕጉን እንዴት እንዳወጣሽው ልንገርሽ? ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ልንገርሽ፣ መንገር ደስ ስለሚለኝ።

ባልሽ ከሞተ በኋላ በበቅሎ ስትነግጂ ቆየሽና በቅሎዎቹን ሸጠሽ መኪና ገዛሽ። ጎንደር ላይ ያልሳቀብሽ አልነበረም፤ እኔ እንኳ ነጂሽ ልሆን ተስማምቼ እስቅ ነበር። ከመኪናው ጋር የመጣውን የፈረንጅ መጽሐፍ የማነበው እኔ ነበርኩ። ፊደሉን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከጠርሙስና ከቆርቆሮ ላይ ለቅሜ ያወቅሁት ነው። ስለዚህ ግማሹን አነባለሁ፣ ግማሹን እፈጥራለሁ። አንድ ቀን ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ለነጂው አንድ ሙክት ይታረድለት ይላል ብዬ አነበብኩልሽ። አንቺ አልሳቅሽም። አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ አሰብሽና «ጾም ላይ ቢውልስ ምን ይላል?» አልሽኝ። እኔም ሳላስብ «ሽሮ ይላል» ብዬ መለስኩ። «ምነው ደምሌ፣ ፈረንጅ ሽሮን የት ያውቃታል?» አልሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ስከፍት ሁልጊዜ «የሽሮውን ገጽ ተወውና አንብብ» ትይኝ ነበር።

ዘይቱ የሚቀየርበትን ኪሎሜትር አነበብኩልሽ። እሱን እንኳ አልፈጠርኩም። ቁጥሩ ትልቅ ስለነበር እስከዚያ ብዙ መንገድ አለን ብዬ ደስ አለኝ። አንቺ ግን መኪናው ጥቂት ጊዜ ደባርቅ ደርሶ እንደተመለሰ ዘይቱን ድፋው አልሽኝ። አዲስ መኪና፣ አዲስ ዘይት፣ ገና ቀለሙ ያልተለወጠ! «አዲስ ድስት ገዝቼ በዚያው ቀን ወጥ ስሠራበት አይተሃል?» አልሽ። «መጀመሪያ ይሟሻል። ያሟሹበት ነገር ይደፋል እንጂ አይበላም። ይኼም ብረት ድስት ነው፤ አልተሟሸም።»

እኔ ሞተርንና ድስትን ምን አገናኛቸው ብዬ ግቢውን ሁሉ አሳቅሁብሽ። ያዘዝሽውን ግን አደረግሁ። ከመኪናው ሥር ገብቼ የዘይት መውረጃዋን ቡሎን ፈታሁ፣ ዘይቱም ከሥር ወዳስቀመጥኩት ገንዳ መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ሰይጣን የገባብኝ። ነጠላሽን ከገመድ ላይ አንስቼ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለበስኩና በገንዳው ዙሪያ እየዞርኩ ሙሾ አወረድኩለት። ድምፄ ደግሞ ለሙሾ የተፈጠረ ነው። ጎረቤታችን እማሆይ እያለቀሱ በሩን በርግደው ገቡ። «ማን ነው ልጄ? ማንን ነው?» አሉ። «ዘይት ነው እማሆይ» አልኳቸው፣ «ገና ልጅ ነበር።» በመቋሚያቸው እያሳደዱ መኪናውን ሦስቴ አዞሩኝ። አንቺ ጎማውን ደገፍ ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ እንባሽ በጉንጭሽ ይወርድ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ሥራሽን አልረሳሽም። የተደፋውን ዘይት በአሮጌ ሻሽ አጠለልሽው። ሻሹን ወደ ፀሐይ ስታነሺው ያብለጨልጫል፤ እርስ በርሱ ሲፋተግ የሰነበተ አዲስ ብረት የጣለው ብናኝ ነበር። «ይኼ ሁሉ በሆድህ ሲዞር ሊከርም ነበር» አልሽ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመኪናው እንደሚነገር አድርገሽ። ዘይቱንም አልጣልሽውም፤ የአጥሩን ቋሚዎች ምስጥ እንዳይበላቸው ቀባሽበት።

ሕጉ የወጣው ግን በሊማሊሞ ላይ ነው። ከጎንደር ስንዴ ጭነን አዲ አርቃይ እንወርዳለን፤ ጨው ጭነን ዳገቱን እንወጣለን። አንቺ ያንን ዳገት በእግርሽ፣ ከበቅሎዎች ኋላ፣ ስንት ዘመን ወጥተሽዋል። አሁን ከጎኔ ተቀምጠሽ መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲሳብ ጆሮሽን ትሰጪው ነበር። አንድ ቀን አፋፉ ላይ አቁሜ ሞተሩ ሲበርድ ስንጠብቅ፣ ጣትሽን ወደ ኪሎሜትር ቆጣሪው ዘረጋሽ። «ይቺ የምትቆጥረው መሬቱን ነው። የማኪናዬን ድካም ማን ይቆጥርላታል?» አልሽ። ከሥር እስከ አፋፍ የወጣነው መንገድ በቆጣሪዋ ላይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሞተሩ ግን ከማለዳ ጀምሮ ሲጮህ ውሏል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የሚያውቀው መንገድ ደልዳላ ነው አልሽ፤ ደምቢያ ሜዳ ላይ ብንሠራ ቃሉን እንሰማው ነበር፣ በሊማሊሞ ግን መጽሐፉ ካለው ኪሎሜትር ግማሹ ይበቃል። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ወሰንሽ፤ አንቺ እስካለሽ ድረስ ያን ሕግ የሻረው አልነበረም።

ልሽረው የሞከርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አዲ አርቃይ ላይ አንድ ነጋዴ ጨዉን ደርድሮ ይጠብቀናል፣ ጫኞቹ ቆመዋል፣ ዘይቱ በአንቺ ልክ ጊዜው ደርሷል። እንደምንም ይህን አንድ ጉዞ ልሂድ አልኩሽ። እምቢ። ነጋዴው ለመነሽ። እምቢ። ትኩስ ሞተር ሥር ገብቼ ዘይቱን ስቀይር ነጋዴው ተናዶ ጭነቱን ለሌላ መኪና ሰጠ። ባዶውን መኪና ይዘን ዳገቱን ወጣን። እኔ መንገዱን ሁሉ ያኛው መኪና ሲበላሽ እናየው ይሆናል ብዬ በዓይኔ ስፈልግ ነበር፤ አንቺን የሚያስመሰግን ነገር እንዲገኝ። ያኛው መኪና በሰላም ደርሶ በሰላም ተመለሰ! ይህን ስነግርሽ «እሰይ፣ የሰው ንብረት ነው» አልሽ። «አንድ ቀን ብዘለው ምንም እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ። አንዴ ከዘለልኩት ግን በየጊዜው ምክንያት አላጣም።» ሰው ትክክል ሆኖ ሲገኝ ማድነቅ ቀላል ነው፤ እኔ አንቺን ያደነቅሁሽ በዚያን ቀን፣ ባዶውን መኪና ይዘን ስንወጣ ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ልመለስ።

አዲሱ መኪና ሲመጣ ማሟሸቱ ላይ ማንም አልተከራከረም። እሱ በቤታችን ሃይማኖት ሆኗል። ክርክሩ የተነሳው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። እኔ ጉልበቴ ስላስቀመጠኝ መኪናውን የሚነዳው አያ ታከለ የሚባል ሹፌር ነው። ሸጋ ሰው ነው፣ እጁም ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ትርንጎን እንደ ባለቤት ማየት አልለመደም። ጥያቄ ሲኖረው ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። የዛሬ ሞተር እንደ ድሮው አይደለም፣ መጽሐፉ ካለው በላይ ቢቆይም ምንም አይሆን፣ በዘይት ቅየራ የሰሊጥ ጭነት ወቅት ማባከን ሞኝነት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ጠበቃሽ ሆኜ ግማሽ፣ ግማሽ እላለሁ። የእህቴ ቃል ነው፣ አይነካም እላለሁ። ትርንጎ በመካከላችን ተቀምጣ ታዳምጣለች። ለእኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው እንጂ፣ እሷ ክርክሩ ከዘይቱ የሚበልጥ ነገር እንዳለበት አስቀድማ አውቃለች፤ ዛሬ በዘይቱ ሌላ ሰው ከወሰነላት ነገ በጭነቱም፣ በዋጋውም፣ በጉዞውም የሚወስነው ያው ሰው ነው። ሹፌሩም ይሁን እኔ።

አንድ ቀን «አጎቴ፣ እናቴ ግማሽ ያለችው ለየትኛው መንገድ ነው?» አለችኝ። ለሊማሊሞ አልኳት። «እኛ አሁን የምንሠራው የት ነው?» ሳንጃ፣ ቆላው ላይ አልኳት። እንግዲህ አይቼው ልምጣ ብላ ሄደች። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ወደ ሳንጃ ወረደች። ስትመለስ ፀጉሯ ጥቁር ይሁን ቀይ አይለይም። ቅንድቧ ላይ አቧራ ተቆልሏል። እኔ «ዱቄት ያፈሰስሽበት ወፍጮ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታስባለች። ያን አንገት የት እንዳየሁት አውቄ ቀልዴን ተውኩ።

በነጋታው ታከለ ባለበት ተናገረች። የእናቴ መንገድ ዳገት ነበር፣ የእኔ አቧራና ሙቀት ነው አለች። በበጋ፣ ሰሊጥ ስናመላልስ፣ ከግማሹም ቀደም ብሎ ይቀየራል። ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መኪናው ሲቆም ደግሞ አሮጌ ዘይት በሆዱ ይዞ አይከርምም፤ ከመቆሙ በፊት ይቀየራል። «ሰው ልብሱን አጥቦ አይደል ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው?» አለች። እትዬ፣ ይህን አንቺ አላሰብሽውም። እኔም አላሰብኩትም። አሮጌው መኪናችን ስንት ክረምት ያንን ጥቁር ዘይት ይዞ ቆሞ እንደከረመ ሳስብ ይቅርታ ልጠይቀው አማረኝ።

ታከለ ግን እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አንተስ ምን ትላለህ በሚል ዓይን። እውነቱን ልንገርሽ፣ «የእናትሽ ሕግ ግማሽ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው ኖሮ ልጅቱ ለስምሽ ክብር ብላ የራሷን ሐሳብ ትታ ትሰማኝ ነበር። ትርንጎ አላየችኝም፤ መሬት መሬት እያየች ትጠብቃለች። እኔም «እኔን ምን ታየኛለህ አያ ታከለ፣ ባለማኪናዋ ተናገረች እኮ» አልኩት። ወደ እሷ ዞሮ «እሺ እትዬ፣ ከመቼ እንጀምር?» አላት። እትዬ አላት! በዕድሜ ልጁ የምትሆነውን!

ሕግሽ እንዲህ ሆኖ ተለወጠ። ቅር ይልሻል ብዬ ስፈራ ነበር፤ አሁን ግን አንቺን አውቅሽ የለም ወይ፣ መንገዱን አይቶ የወሰነን ሰው ተቆጥተሽ አታውቂም።

አንቺን ላለመርሳት ከእንግዲህ ብዙ መድከም የለብኝም። ልጅሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታስብ ባየሁ ቁጥር ትመጪልኛለሽ፤ ለዚያ ወራሽ አግኝተሻል። ሆድሽን ይዘሽ የምትስቂውን ሳቅ ግን ማንም አልወረሰውም። ትርንጎ ፈገግ ብላ ነው የምታልፈኝ። ስለዚህ እሱን እኔ አስታውሰዋለሁ፣ እስክንገናኝም በአደራ እይዝልሻለሁ።

ወንድምሽ ደምሌ
ጎንደር፣ ቁስቋም