የጥንቸሏ ቤት

ጉንደ ወይን
ነሐሴ 11 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለዓይኔ ለአይናዲስ፣ ቤይሩት፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? "እኛ ደህና ነን" ብዬ ልጀምር አልኩና እንደገና አሰብኩት። ጤናችንስ ደህና ነው። እኔ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ይችን ወረቀት ከያዝኩ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

ነገሩ የጥንቸል ነው። አትሳቂብኝ! የባለሱቁ የአብዱረዛቅ ሚስት አስያ ከደብረ ማርቆስ አንዲት ነጭ ጥንቸል አምጥታ ለዜማ ሰጠቻት። ልጅሽን ታውቂያት የለ? ገና በስምንት ዓመቷ የያዘችውን አትለቅም። እናቴ "ርኩስ አውሬ ከቤቴ አይገባም!" ብላ ማለች። ስለዚህ ቤት መሥራቱ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ አናጢ ነኝ? መዶሻው ሚስማሩን ትቶ አውራ ጣቴን ነው የሚፈልገው።

ስትመጪ አልጋ ላሠራበት ያስቀመጥኩት ጣውላ ነበር አይደል? ከእሱ ወሰድኩ። ጭቃው እንዳያገኛት ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ በአራት እግር አቆምኩት። ወለሉን በሽቦ ብሠራው እግሯን ላጣት። ነቅዬ ጣውላ መታሁበትና ድርቆሽ ጎዘጎዝኩ። ነፋስ እንዳይመታት ከጀርባው ጆንያ ሰፋሁ፤ እሱ እንኳ ሙያዬ ነው። የምትደበቅበት ጨለም ያለ ጥግም አበጀሁላት። ሸለመጥማጥ እንዳይገባ በሩን በሁለት መቀርቀሪያ...

ቆይ፣ መጣሁ።

ምንም አይደል፤ ዶሮ ናት።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ቤቱ አለቀ። ጥንቸሏ ግን ኩርምት ብላ ቀረች፤ ከቀን ወደ ቀን ከሳች። ጣራው አፍስሶ ይሆን ብዬ ቆርቆሮ ደረብኩ። ፀሐይ አጥታ ይሆን ብዬ ቤቱን ከነእግሩ ተሸክሜ ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። ጎረቤቱ ሁሉ "ድረስ ምን ነካው?" እስኪል ዙሪያዋን ስዞር ከረምኩ።

ትናንት ረፋድ ላይ ሳትጠብቀኝ ከሱቅ ብመለስ፣ ዜማ ጠዋት ያስቀመጥኩትን ጎመን ከጥንቸሏ ቤት አውጥታ እንቅብ ደፍታበታለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ቅዳሴ ገና ነው እኮ፣ አባዬ።"

"ቅዳሴና ጥንቸል ምን አገናኛቸው?"

"ፍልሰታን እየጾመች ነዋ! የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውን ጭምር አስጹመው እግዜር ማራቸው ብለው የኔታ ነግረውናል። ብቻዬን ከምጾም ሁለት ብንሆን፣ እማዬ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች።"

ልቆጣ አልኩና ተውኩት። እጇን ይዤ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ወሰድኳት። እሳቸውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ልጄ፣ ያ የንጉሥ አዋጅ ነበር። ያንቺ ጥንቸል ክርስትናም አልተነሣች፤ ጾም የለባትም፤ አብያት" አሏት። አበላቻት። ይኸው ዛሬ ጎመኑን ስትቆረጥመው እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ዜማ ግን፣ "እንግዲያው የሷንም እኔ እጾምላታለሁ፤ እማዬ እስክትመጣ" አለች። ትናንት እስኪጨልም እህል አልቀመሰችም። ዛሬም ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ሳህኗ አጠገቧ እንዳለ ነው። ብቆጣ አልሰማ አለች፤ ብለምን አልሰማ አለች። አይንዬ፣ ፈራሁ።

ኮንትራቱን ሁለት ዓመት እንዳስጨመርሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንቱ ነው። አልነገርኳትም። ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አንቺን አልወቅስም፤ ለማን ብለሽ እንደሄድሽ አውቃለሁ። ግን እኔ እንዴት ብዬ ልንገራት? በስልክ እንዳላወራሽ ከጎኔ አትለይም። ይህን ደብዳቤ የአስያ እህት ረሺዳ ወደዚያ ስለምትመጣ ታደርስልሻለች። በእጅሽ እንደገባ አብዱረዛቅ ሱቅ ደውይላት። ብይ በያት። ሌላውንም ከአፍሽ ትስማው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ዜማ ጓሮ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ "ነይ! ነይ!" ስትል ጥንቸሏን የምትጠራት ይመስለኝ ነበር። ለካ ስም አውጥታላት ኖሯል፤ ስሟ ነይ ነው። እኔም ለምጄው፣ ጎመን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆሜ "ነይ" እላለሁ።

ካለሽበት እመብርሃን ጥላዋን ትጣልብሽ። የላብሽን ፍሬ በጤና ያብላሽ።

ባለቤትሽ ድረስ

ነይ ያልኩት ጥንቸሏን ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ። ጣውላው እንደሆነ ለአልጋው አሁንም ይበቃል፤ ለክቼዋለሁ።