የቆርቆሮ ሰፈር መርዶ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 2015

ወንድሜ ኑሩ ዛሬም "ትንሽ እንታገስ" አለኝ። ምን እስክንሆን ነው የምንታገሰው? እማዬ እሁድ ከስኪፖል አየር ማረፊያ ልትበር ነው። የምትሄደው ቆርቆሮ ሰፈር፣ አዲስ አበባ። ቆርቆሮ ሰፈር ደግሞ የለም። ክረምት ሳይገባ በግሬደር ጠራርገው ሰዉን በየኮንዶሚኒየሙ በተኑት። እዚህ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ፣ አንድ ፎቅ ሊያፈርሱ ሲሉ እንኳ ስንት ደብዳቤ ይልካሉ። አክስቴ ዘይነባ ራሷ ከተማው ጫፍ ተጥላ፣ እማዬ ስትደውልላት "ሰፈሩ ሰላም ነው፣ ሁሉም ይጠይቁሻል" ትላለች። እኛም ያው። ልክ እንደ ሰው ሞት ደበቅናት።

ማክሰኞ

ራይስዋይክ ከተማ አዛውንቶች ሳጥብና ሳለብስ ውዬ ስገባ፣ እማዬ ሻንጣዋን ሳሎን ዘርግታዋለች። የሱፍ ካልሲ ለእትዬ ዘውዲቱ። መነጽር ለእድሩ ጡሩምባ ነፊ ለጋሽ መኩሪያ። ልጄ ሐናን አጠገቧ ቁጭ ብላ የጡሩምባውን ወሬ ለስንተኛ ጊዜ ታስወራታለች። ጋሽ መኩሪያ ጠጅ ሲጠጡ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባቸውን ነፍተው የሞተውን ሰው ስም ትተው የእትዬ ዘውዲቱን ጠሩ። እትዬ ዘውዲቱም ስሙን ሳይሰሙ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው "ማን ነው የሞተው?" እያሉ ወጡ። ሰፈሩ ግማሹ አለቀሰ፣ ግማሹ ሳቀ።

ሐናን አያቷን እንደ ደች ልጆች "ኦማ፣ እኔንም ውሰጂኝ" አለቻት። እማዬም ለከርሞ በራችንን ታዪዋለሽ አለቻት። የቱን በር! መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ንዴት ነው።

ሐሙስ

ኑሩ እንንገራት ስለው እሺ አለ፣ ግን የመርዶ ደንብ ይጠበቅ ይላል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌውን ሐጂ ሰይድን ከዴንሃግ ይዞ ይመጣል። ሰፈር እኮ ነው፣ ሰው አይደለም፣ ሻይ እየጠጣን እንንገራት አልኩት። "ለእሷ ምን ልዩነት አለው?" ሲለኝ እሺ አልኩት። እሺ ማለት አልነበረብኝም።

ቅዳሜ

የእኛስ ጅልነት! በሩ ሲንኳኳ እማዬ ሱብሒ ሰግዳ ገና ከመስገጃዋ አልተነሳችም። ሐጂ ሰይድን አየች፣ ከኋላቸው ኑሩን አየች። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን ቤት እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ አለ? አንድ ቃል ሳንተነፍስ "ዘይነባዬን!" ብላ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ወደቀች። ከታች ያለችው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበች።

ሐጂ ጎንበስ ብለው፣ ዘይነባ ደህና ናት፣ ሰው አልሞተም፣ የፈረሰው ሰፈሩ ነው አሏት። "አልሐምዱሊላህ" ብላ እንባዋን ጠረገች። ኑሩ እፎይ አለ። እሷ ግን ቀስ እያለች ስም መጥራት ጀመረች። ዘውዲቱ የት ገባች? አናውቅም። መኩሪያስ? አናውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ታዲያ ሰው አልሞተም የምትሉኝ ምን አውቃችሁ ነው?"

ሐጂ ሰይድ ያመጡላት ዳቦ ሳይቆረስ ዋለ።

እሁድ

ሄደች። ኑሩ ጉዞውን እናራዝመው ቢላት አፈጠጠችበት። ከሻንጣዋ አንዲት ካልሲ አላወጣችም። ስኪፖል ሳትስመኝ ልትገባ ነበር፣ ትንሽ ሄዳ ተመለሰች። ሳመችኝና እንዲህ አለችኝ፦

"ክረምቱን ሙሉ ለሞተ ሰፈር ሰላምታ እየላክሁ ከረምኩ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ።"

በባቡሩ ስመለስ ኑሩን ልሰድበው ስልኬን አወጣሁ፣ ተውኩት። ምን እሱ ብቻ።

ሐሙስ

ደወለች። ድምጿ ደህና ነው፣ ከእኔ ጋር ግን ገና አልታረቀችም። እትዬ ዘውዲቱን ያየ የለም። ካልሲው እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጋሽ መኩሪያን አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አገኘቻቸው። ጡሩምባው አልጋ ስር ተኝቷል። ለምን አትነፋም ብትላቸው፣ "እዚህ የማንን ስም አውቄ እጠራለሁ?" አሏት።

ማታ ሐናን የጡሩምባውን ወሬ አውሪኝ አለችኝ። አወራሁላት፣ እስከ ነጠላው ድረስ። ከዚያ "ያን ቀን በእውነት የሞተው ማን ነበር?" አለችኝ።

አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም። ኦማ ስትደውል እንጠይቃታለን አልኳት።