ስርዝ ድልዝ የሌለው ደብዳቤ

ልጄ፣ በረገጥሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ብርዱም ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱንና ሬዲዮኑን እያማረረ ደህና ነው። ለጎረቤታችን ለነርሷ «ልጄን ኒዮክላሲዝም ይዟታል» ቢላት፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ይለቃታል» አለችው።

እኔ ግን ስለ ትምህርትሽ የጻፍሽልኝ ገብቶኛል። ኒዮክላሲዝም ማለት የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ስሜታቸውን በልክ ገርተው፣ ስንኙን ጥንድ ጥንድ አድርገው ያሳመሩበት ዘመን ነው። እኔም ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ስተኩስ የምውለው እንደዚያው ነው።

የጨነቀኝ ደብዳቤሽም እንደ ስንኞቹ መሆኑ ነው። ድሮ የምትልኪው ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነበር። በካውያው እንፋሎት መሃል ሆኜ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ሳነሳው፣ የሰረዝሻቸው ቃላት ከጉም ውስጥ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብለው ብቅ ይሉልኝ ነበር። «አሞኝ ነበር» የሚለውንም፣ «እማ፣ ናፍቀሽኛል» የሚለውንም ያገኘሁት እዚያ ነው። አሁን የምትልኪው በንጹሕ የተገለበጠ ነው። ወደ ብርሃኑ ባነሳው «ደህና ነኝ» ከሚለው በቀር ምንም የለበትም፤ እሱን ብቻውን ማመን ደግሞ አቃተኝ።

ብዕርሽ አይንጠፍ፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። የጠራውን ለመምህርሽ ስጪው፤ ለእኔ ረቂቁን ላኪልኝ።

እናትሽ