ሠላሳ አንድ ቀኝ እግር

ለወንድም ጋሼ፣ ለጎማው ሐኪም፦

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ጥፍርህስ አሁንም እንደ ከሰል ጠቁሯል ወይስ ሳሙና ገዝተሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ከአይጥ ጋር የገጠመችውን ጦርነት ብቻ አላሸነፈችም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሁለት ሻማ በልቶብኛል እያለች ዛሬም ከቁም ሳጥኑ ሥር ወጥመድ ታጠምዳለች። እስካሁን የተያዘላት የራሷ ነጠላ ጫማ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፈቃዴ የጻፍኩት እንዳይመስልህ። የካራቴ መምህራችን አዘውኝ ነው። ትእዛዙን ስሰማ ቋቅ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እስክደርስበት ታገሠኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ወድቄ የተውኩ ሰው ነኝና ስሕተት አትልቀም።

አዳራሹ እንደተውከው ነው። መስኮቶቹ አይከፈቱም፣ የእግር ሽታው ገና ከበሩ ይቀበልሃል። ገደል ማሚቶ ያልነው ምክትላቸውም የመምህሩን ቃል ጭራ ጭራውን እየያዘ ያስተጋባል። እሳቸው ተንፍሱ ሲሉን እሱ ከኋላ ፍሱ ይላል። በዚያ ሽታ መሃል ትእዛዙን የፈጸመ ሰው እንዳለ እጠረጥራለሁ።

ችግሩ ግን ካታው ነው፤ ያ በቃል የሚጠና የእርምጃና የምት ቅደም ተከተል፣ እማዬ ከአየር ጋር ድብድብ የምትለው። በኮሪደራችን ወለል ላይ በጠመኔ ያስተማርከኝ አረማመድ ትዝ ይልሃል? አቋቋም ስትለውጪ የምትንቀሳቀሰው እግር መጀመሪያ ወደ ቆመችው ትጠጋ፣ ከዚያ እንደ ግማሽ ጨረቃ ዞራ ትውጣ፤ ወለሉን ትዳስስ እንጂ አትጎተት፤ ራስሽ ላይ ውሃ የሞላ ኩባያ እንዳለ ቁጠሪ ትለኝ ነበር። አልቆጠርኩም፣ ኩባያውን ራሱን ነበር የምትጭንብኝ። ሦስት ሰበርን። ያንን እንኳ እማዬ በአይጥ አላሳበበችም።

አሁን እዚያ አዳራሽ የሚሠራው ሌላ ነው። ቀኝ እግር ትነሣለች፣ መሃል መንገድ ላይ ቆም ትላለች፣ ጭንቅላት ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ ቀና ይላል፣ ከዚያ እግሯ እንደ እርጥብ ጆንያ እየተጎተተች ትደርሳለች። ሸርርር፣ ቆም፣ ሸርርር። ከእኔ በቀር ሠላሳ አንዱም ልጆች እንዲህ ናቸው፣ እኩል። ያንገሸግሻል።

ምክንያቱን አታጣውም። መምህሩ መስታወቱ አጠገብ ከወደቁ ወዲህ ቀኝ ጉልበታቸው በደንብ አይታጠፍም። ካታውን ሲመሩ ያቺ እግር ስለምታማቸው መሃል ላይ ትቆማለች። ለልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሚመሩ ከኋላቸው ምን እንደሚሠራ አያዩም፣ ወደ መስታወቱም ዞር ብለው አያውቁም። ካንተ በኋላ የመጡት ልጆች ደግሞ ሌላ እግር የት አይተው። ቆምታዋ ምንድን ናት ብለው ገደል ማሚቶን ሲጠይቁት፣ የቤታችን ምሥጢር ናት፣ እዚያች ላይ ኃይል ተደብቋል አላቸው። ደህናውን እርምጃ ጠንቅቆ እያወቀ ራሱም አብሮ ማንከስ ጀመረ። እኔንማ እግርሽ ችኩል ናት እያለ በየቀኑ ያርመኛል። ሲያነክስ ማየቱ ይሻላል፤ ሲያስረዳ ነው የሚያቅለሸልሸው።

ባለፈው እሑድ የቀበቶ ፈተና ነበር። ከሌላ ከተማ አንዲት ፈታኝ መጡ፤ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ ሴት። በየረድፉ አዩን። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እርሳሱን አወረዱና፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚህ ቤት ጉልበቱን የታመመው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ገደል ማሚቶ ወጣና ስለ ተደበቀው ኃይል ያብራራ ጀመር። አዳመጡት፣ ሲጨርስ እስቲ ሥራው አሉት፣ ሠራው። ግራ እግርህ እኮ የትም ሳትቆም ነው የምትሄደው፤ ኃይሉ የተደበቀው ቀኙ ውስጥ ብቻ ነው ወይ አሉት።

ወንድም ጋሼ፣ ዕድሜ ልኬን ያልሳቅሁት ሳቅ ከሆዴ ተነሥቶ ነበር። ድንገት መምህሩን አየኋቸው። እጃቸው ሳያውቁት ቀኝ ጉልበታቸው ላይ ሄዷል። የሰው ዕቃ እንደነካ ሰው ቀስ ብለው አነሡት። ሳቁ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ጎመዘዘብኝ።

ሠላሳ አንዱ ወደቁ። እኔ አለፍኩ። ፈታኟ ይህን እግር ማን አስተማረሽ አሉኝ፤ ወንድሜ፣ በኮሪደር፣ በጠመኔ አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መምህሩ ጠሩኝ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ዛሬ የወንድምሽን እግር አየሁት አሉኝ። ጉልበቴን ችዬዋለሁ፣ ሠላሳ አንድ ጤነኛ ልጅ አንካሳ ማድረጌን ግን አልችለውም አሉ። ጻፊለት፣ እንደዚህ የሚራመድ ሰው ጎማ ሲፈታ አይኖርም፣ ይምጣና ልጆቹን ያቅናልኝ አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ወለሉን በሳሙና ወልውሎ ሳያለቀልቅ መተዉን ይቅር ብዬዋለሁ በይው አሉኝ።

ይቅር ብዬዋለሁ። ቋቅ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ወጥቼ ቧንቧው ሥር ጎንበስ አልኩ፣ የወጣ ነገር ግን የለም።

ያን ቀን ወለሉን እንዳለቀለቅከው አውቃለሁ። ሦስት ባልዲ ውሃ ነው ያመላለስከው፣ ሁለተኛውን አብሬህ ይዣለሁ። ሳሙና ቢሆን በውሃ በለቀቀ። መስታወቱ አጠገብ ያለው ቦታ የገደል ማሚቶ ነበር፤ ከሳምንት በፊት ልብሴን ጎትቶ ከፊት ረድፍ በሰው ፊት ያስወጣኝ እሱ። ያን ቀን አረፈደና በሱ ቦታ መምህሩ ቆሙ። እሳቸውን ካነሣናቸው በኋላ አንተ ተንበርክከህ ጣውላውን በጥፍርህ ፋቅ ፋቅ አደረግክ። አሸተትከው። ቀና ብለህ አየኸኝ። ከዚያ ተነሣህና፣ አዎ፣ ሳላለቀልቅ ትቼው ነው አልክ። ጥቁር ቀበቶህን ልትወስድ አሥራ አንድ ቀን ሲቀርህ።

በነገር ሁሉ የምነዘንዝህ እኔ ያችን አስተያየትህን ብቻ ሁለት ዓመት ዘለልኳት። ሳልደብቅህ፣ ደግነትህም ያስጠላኛል፤ አፌን በጨርቅ የጠቀጠቅክብኝ ያህል ነው። ሠላሳ አንድ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ወለል ላይ ምን እንደሚጎትት የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን።

ስለዚህ የመምህሩን መልእክት አድርሻለሁ፣ አንተ ግን በዚህ ይቅርታ እንዳትመጣ። ያንተ አይደለም። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፣ ከሰጡት ይውሰድ። ረቡዕ ልምምድ አለ። ፖስታውን ስትከፍት ዱብ የምትለውን ነጭ የሻማ ቁራጭ አትጣላት፤ ሁለት ዓመት ትራሴ ውስጥ ኖራለች። ለሁለት ከፍያታለሁ። ግማሿን ረቡዕ መምህሩ ጫማቸው ውስጥ ያገኟታል፣ እኔንም ጫማው አጠገብ ቆሜ። ቀጥሎ የሚደርስህ ደብዳቤ በእሳቸው እጅ የተጻፈ ይሆናል። እሱን ስታይ ና። እኔ እዚያ ቤት ባልኖርም ልጆቹን በጠመኔ ጀምራቸው። ኩባያው ይቅርባቸው።

እማዬን ወጥመዱን ዛሬ ተዪው አልኳት። ምነው፣ ሞተ እንዴ አለችኝ። አይ፣ እጁን ሊሰጥ ነው አልኳት።

የምትፈታው ብሎን ሁሉ በእጅህ ይላላልህ፣ ክፉ ነገር በደጅህ አይለፍ፣ እግርህ የለመደችውን አትርሳ።

አይጧ እህትህ