ኳሷ አየር ላይ ሳለች ስለተነፋው ፊሽካ

ለተከበሩ የፋብሪካዎች ሊግ ዋና ዳኛ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ በተለይም ፊሽካ ሲነፋ ለሚደክመው ሳንባዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ የሰው ሰዓት እየጠገንኩ የምኖር፣ የክር ፋብሪካው ሴቶች ቡድን የዘጠኝ ቁጥር ለባሽ አባት ነኝ። ባለፈው እሑድ በዋሉልን ውለታ ላይ ዝም ብል ምስጋና ቢስ እንዳልባል ሰግቼ ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

እንደሚያስታውሱት የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ በነጥብ ይመሩን ለነበሩት የሳሙና ፋብሪካ ልጆች አቻ ይበቃቸዋል፣ እኛ ግን ማሸነፍ ነበረብን። የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ዋንጫው ካልመጣ የሴቶቹ ቡድን እንደሚፈርስ አስቀድመው አስታውቀዋል። ይህን እርስዎም ያውቁ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበርና። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ርኅራኄዎ። የሳሙና ፋብሪካዋ በረኛ ማንም ሳይነካት እየወደቀች ሣሩ ላይ ተጋድማ ሰማዩን ባየች ቁጥር፣ እርስዎ አጠገቧ ቆመው እንደ አባት ሲያስታምሟት ማየት ልብ ይነካል። ያ ሁሉ የባከነ ጊዜ በኋላ ይካካስልናል ብለን ማሰባችን የእኛ የዋህነት ነው፤ ጊዜን የሚይዘው ዋና ዳኛው ብቻ እንደሆነ፣ እኛ በእጃችን ያሰርነው ሁሉ ጌጥ እንደሆነ መርሳት አልነበረብንም።

2ኛ. ስለ ሰሌዳው። አራተኛው ዳኛ አምስት ደቂቃ መጨመሩን በሰሌዳ ሲያሳየን አጨበጨብን። በሰሌዳ የሚታየው ቁጥር ቢያንስ ይህን ያህል ማለት እንጂ ቢበዛ ማለት እንዳልሆነ ለልጆቹ ያስተማሩት እርስዎ ራስዎ ነበሩ። አምስቱ እኩሌታው እንኳ ሳይሞላ ማለቁን ሳይ ግን ትምህርቱ እርስዎን እንደማይመለከት ተረዳሁ።

3ኛ. ስለ ክብር እንግዳው። በሊጋችን የክብር እንግዳው ከወንበራቸው ከተነሡ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያከብረዋል። እሑድ ዕለት የእንግዳው ሾፌር ሞተር አስነሣ። እርስዎ አንዴ ወደ ረጅሙ እጅጌዎ፣ አንዴ ወደ ክብር ትሪቡኑ ይመለከቱ ነበር። ገና አቻ ነበርን፤ በዚያች ቅጽበት ልጄ ከግራ መስመር የተሻገረላትን ኳስ በደረቷ አብርዳ መታች፤ እንግዳው ብድግ አሉ፤ እርስዎም ነፉ። ኳሷ አየር ላይ ነበረች። ጆሮ ስለሌላት ፊሽካዎን ሳትሰማ ሄዳ መረቡ ውስጥ ገባች፤ ስለ ድፍረቷ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንግዳው ግን መንገዱ ሳይጨናነቅ በሰላም ቤታቸው በመግባታቸው ሁላችንም እፎይ ብለናል።

4ኛ. ስለ ቢጫ ካርዱ። ልጄ ሮጣ መጥታ እባክዎ ሰዓቱን ያሳዩኝ ብላ ስትለምንዎ ግራ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው በቀኝዎ ቢጫ ካርድ አሳዩዋት። የጠየቀችው ሌላ ነበር፤ የሆነው ሆኖ ባዶ እጇን ስላልመለሷት አመሰግናለሁ።

በማግስቱ ማሊያዎቹ ተሰብስበው ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆለፈባቸው። ልጄ የኳስ ጫማዋን አጥባ፣ ክሩን ፈትታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ከተተችው። ማሽን ላይ ቆማ ውላ፣ ከዚያ ደግሞ ሜዳ ላይ ስትሮጥ አምሽታ የምትመጣዋ ልጅ ድሮ እራት ላይ አፏ አያርፍም ነበር፤ እናቷ ወሬሽን ዋጪና እንጀራሽን ብዪ ትላት ነበር። አሁን እናቷ ትንሽ እንድታወራ ትለምናታለች። አንድ ቀን ብቻ ቀና ብላ፣ አባዬ፣ እውነት ሰዓቱ አልቆ ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት ስሠራ የኖርኩ ሰውዬ አንገቴን ደፋሁ። መልሱን አውቀው ነበር፤ እሷን ይበልጥ እንዳያቆስላት ፈርቼ ነው። ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ታነበዋለች።

ክቡር ሆይ፣ በትሕትና ጀምሬ በትሕትና ለመጨረስ እየታገልኩ ነው እንጂ በጣም አዝኛለሁ፤ ከማዘኔም በላይ ተናድጃለሁ። ልጆቹ ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር።

እጅጌዎ ሳያጥር፣ ፊሽካዎ ሳይዘጋ፣ ዕድሜዎም በሰሌዳ ከተጻፈልዎ ሳይጎድል እንዲኖሩ ከልብ የምመኝ፣

የጊዜዎ ታዛዥ፣
የዘጠኝ ቁጥሯ አባት፣ ሰዓት ሠሪው

ማስታወሻ፦ ከጨዋታው በፊት ሐሙስ ዕለት፣ ቆሞብኛል ብለው ለጥገና የተዉልኝ የእጅ ሰዓትዎ ቅዳሜ ተሠርቶ አልቋል። ለእሑድ የሚያስሩት ሌላ ሰዓት ይኖርዎታል ብዬ በማመን ሳላደርስልዎ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጅዎን ከኋላዎ ሲደብቁ ነው የገባኝ። ሰዓትዎ በተዘጋው ሱቄ መደርደሪያ ላይ ሆኖ አምስቱንም ደቂቃ በሚገባ ቆጥሯል። ዋጋ አልቀበልዎትም። በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይውሰዱት፤ ልጄ በዚያ ሰዓት ልምምድ ስለሌላት ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ናት፣ የምታስረክብዎም እሷ ናት።